ለትንፋሽ የተተወች ቀዳዳ

ቡና ነጋዴው ዋቅጅራ፣ አጋሮ ባለው መጋዘኑ ውስጥ፣ ጆንያ ውስጥ ተሰፍቶ ሞተ። ጉልበቱ ከአገጩ ገጥሟል፤ ጆንያውን ሲቧጥጥ ጥፍሮቹ ተነቅለዋል።

ኢንስፔክተር ያለምወርቅ ከጅማ ስትደርስ፣ ፖሊሶቹ የሟቹን የወንድም ልጅ ኦሊያድን በካቴና አስረው መኪና ላይ ሊጭኑት ነበር። የኦሊያድ የእንቅልፍ ኪኒን ጠርሙስም ባዶውን ተገኝቷል።

«ምን ይጠበቃል?» አለ የመጋዘኑ ዘበኛ ሙሐመድሳኒ። «ወላሂ፣ ልጅ ሳለ ባጠፋ ቁጥር ጋሼ ዋቅጅራ ጆንያ ውስጥ ከተው ያሰፉበት ነበር። ብድሩን መለሰ!»

«አንተስ የት ነበርክ?»

«ጁምዓ ሶላት ላይ። መስጊዱ ሙሉ ይመስክር።»

«ኦሊያድ፣ አንተስ?»

«መጋዘኑ ደጅ የተሰጣ ቡና አገላብጥ ነበር። መጋዘን ከልጅነቴ ጀምሮ አልገባም።»

«ጩኸት አልሰማህም?»

ኦሊያድ ፊቱን ከመጋዘኑ አዞረ። እህቱ ሶረቲ ላቡን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት።

«እባክዎ ይተዉት፤ በሽተኛ ነው። ኪኒኑን እንኳ እኔ ነኝ ቆጥሬ የምሰጠው። ጆንያ ሲሸተው ይወድቃል።»

ያለምወርቅ ጆንያውን አንስታ ድንገት የኦሊያድ አፍንጫ ስር አስጠጋችው። ኦሊያድ በጉልበቱ ወደቀ፤ ሱሪው ራሰ።

«ሲያስመስል!» ብሎ አንዱ ፖሊስ ሳቀ።

«ሽንቱን ማን ያስመስላል?» አለችና ሁሉንም መጋዘኑ በር ላይ ሰበሰበች። «ጆንያ መንካት የማይችል ሰው አይሰፋም። ሟቹ ምሳ በልቶ፣ በኪኒን ደንዝዞ ነው የተከተተው። ኪኒኑ በማን እጅ እንዳለ አሁን ሰማን። ስፌቱን ደግሞ እዩ። ቡና የሚሰፋ ሰው ቀዳዳ አይተውም፤ ፍሬው ይፈስበታል። ይህ ግን ጥብቅ ብሎ ተሰፍቶ፣ ጥጉ ላይ ሁለት ጣት የምታስገባ ቀዳዳ አለችው። ልጅ የሚተነፍስባት። ሙሐመድሳኒ፣ ኦሊያድ ሲቀጣ የሚሰፋው ማን ነበር?»

ዘበኛው መሬት መሬት አየ። «ሶረቲን ነበር የሚያሰፏት። ‹እምቢ ካልሽ አንቺም ትገቢያለሽ› እያሉ።»

ሶረቲ እጇን ዘረጋች። «ያችን ቀዳዳ ልደፍናት ነበር። እጄ እምቢ አለኝ።»

ካቴናው ከወንድም እጅ ወደ እህት እጅ ዞረ።

«በቀዳዳዋ ይተነፍስ ነበር፤» አለች ያለምወርቅ። «የቆርቆሮ ጣሪያው ሙቀት ነው የጨረሰው። ኦሊያድ፣ እውነቱን ንገረኝ። በሩ አጠገብ ሆነህ እንዴት አልሰማህም?»

ኦሊያድ ነጻ የወጣውን የእጁን አንጓ አሻሸ።

«ሰምቻለሁ። ‹አውጡኝ፣ አውጡኝ› ይል ነበር። ያን ጩኸት በየቀኑ እሰማዋለሁ። የራሴ ድምፅ መስሎኝ ቡናዬን አገላበጥኩ።»