የብቅል ከረጢቱ አራት ስፌቶች

ጡረተኛው ልብስ ሰፊ የሞተው ቢራ ሲጠምቅ ነው። በዕድሜው ጠምቆ አያውቅም፤ የመጀመሪያው ነበር፣ የመጨረሻውም ሆነ። ሚስቱ ከክሊኒክ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስትመለስ፣ ጓሮ ባለችው ጠባብ ዕቃ ቤት ውስጥ ኮቱን ደርቦ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ አገኘችው። ፊቱ ቀላ ብሎ ጤነኛ ይመስል ነበር። የከሰል ምድጃው እሳት ሊከስም ተቃርቧል፤ በላዩ ትልቅ ብረት ድስት ተጥዷል፤ ከጣሪያው እንጨት ላይ ብቅል የሞላ ነጭ ከረጢት ተንጠልጥሎ አልፎ አልፎ ጠብ ይላል። መስኮቱ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል።

መዝገቡ ለመርማሪዋ የደረሰው በሦስተኛው ቀን ነው። መሥሪያ ቤቷ ውስጥ «ክር መዛዟ» ይሏታል፤ አንዲት ክር ካገኘች ሙሉ ሹራብ ትተረትራለች ለማለት። እሷ ግን ቅጽል ስሙን አትወደውም፤ ከተተረተረ በኋላ የሚበርደው ሰው እንዳለ ታውቃለች።

የሟች ታናሽ ወንድም ታስሯል፤ በማግስቱ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ነው። የመሰከረበት ጎረቤቱ ቀለም ቀቢ ነበር።

«‹ታንቀህ ሙት!› ሲለው በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ» አላት፣ ቀለም የጠጣ ጣቱን ወደ ጆሮው እየቀሰረ። «ያን ዕለት ጠዋት ነው፤ ምድጃውን ያመጣለት ጊዜ።»

ወንድምየው አልካደም። እስር ቤት ውስጥ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ተቀምጦ ነበር።

«ብያለሁ፤ ምላሴን በቆረጠው! ‹መስኮቱን ክፈት፣ ከሰል ነው፣ ጭሱ ያፍንሃል› ብዬ ብነግረው ‹ሙቀቱ ይወጣብኛል› ብሎ ተሟገተኝ። ተናድጄ ራሴ በርግጄው ወጣሁ።»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተመልሰው ከረጢቱን ሊያወጡለት ነበር አሉ።»

«ተኳርፈን ነዋ! አልተመለስኩም። ብመለስ ኖሮ...» አልጨረሰውም።

መርማሪዋ የወንድምየውን ኮት ቁልፍ አየች። በክር ፋንታ በቀጭን ሽቦ ጠፍሮታል።

«የልብስ ሰፊ ወንድም ሆነው?»

«መርፌ ስይዝ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ወንድሜ ዕድሜውን ሙሉ ሲስቅብኝ ኖረ» አለና እንባው መጣ።

የሟች ሴት ልጅ ቃሏን የሰጠችው ቆማ ነው። ልብስ ፋብሪካ ትሠራለች። ከሁለት ዓመት በፊት የአባቷን ሱቅ ትታ ፋብሪካ ስትገባ፣ አባት «ሁለተኛ ዓይንሽን እንዳላይ» ብሏት ነበር።

«ከዚያ ወዲህ እግሬ ያን ግቢ አልረገጠም» አለች።

«የሞቱ ዕለት እንኳ?»

«አልረገጠም አልኩ እኮ።» እስክሪብቶውን በግራ እጇ ተቀብላ ፈረመች፤ ወጣች።

ከሰዓት በኋላ መርማሪዋ ከሟች ሚስት ጋር ዕቃ ቤቱ ገባች። ግድግዳው ላይ ሟች በትልልቁ የጻፈው ወረቀት ተለጥፏል፦ «ውሃውን ማሞቅ። ከረጢቱን ከነብቅሉ መዘፍዘፍ፤ አንድ ሰዓት። ከረጢቱን ማውጣት፣ ማንጠፍጠፍ። እሳት ጨምሮ ማፍላት።»

«ሁሉም ነገር በአንድ ድስት ያልቃል፣ ለጀማሪ ይሄ ይቀላል ብሎ ነው» አለች ሚስት። «ከረጢቱን ከመጋረጃ ጨርቅ ራሱ ሰፋው። ስንት ቀን እንደተጨነቀበት! የሙሽራ ቀሚስ እንኳ እንደዚያ አልሰፋም።»

መርማሪዋ ከረጢቱን ከነማንጠልጠያው ለማንሳት ሞከረች። ከሦስት ቀን በኋላም ክንድ ይገነጥላል።

«ይህን እሳቸው ያነሱታል?»

«ሸሚዙን የማለብሰው እኔ ነኝ እኮ፣ ልጄ። ቀኝ እጁ ከደረቱ በላይ አይወጣም ነበር።»

መርማሪዋ ማንጠልጠያውን ወደ ብርሃን አዙራ ቆየች። ከዚያ ከሟች ኪስ የተገኘውን ትንሽ ደብተር ገለጠች። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «በአምስት ሳምንት ይደርሳል» ይላል።

«ለምን ጉዳይ ነው የሚደርሰው?»

ሚስት በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «የልጄ ሠርግ ነዋ። ‹አልሄድም› ብሎ ምሏል፤ ግን ቢራው ይሄዳል።»

መርማሪዋ የመጨረሻውን ገጽ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ደብተሩን ዘግታ ቦርሳዋ ከተተችው።

በማግስቱ ጠዋት፣ ወንድምየው ፍርድ ቤት ከመቅረቡ በፊት፣ አራቱንም የሟች ቤት ሳሎን ሰበሰበቻቸው፤ ወንድምየውን በፖሊስ አስመጥታ፣ ቀለም ቀቢውን፣ እናትና ልጅን። ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«ብቅሉ ስምንት ሰዓት ላይ ተዘፈዘፈ፤ በደብተራቸው ጽፈውታል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መውጣት ነበረበት፤ ወጥቷልም። እሳቸው ማንሳት አይችሉም። ስለዚህ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሌላ ሰው ዕቃ ቤቱ ገብቷል። ያ ሰው ግድግዳው ላይ ያለውን አነበበ፣ ከረጢቱን ሰቀለ፣ በወረቀቱ መሠረት ከሰል ጨመረ።»

«መስኮቱንም ዘጋ!» አለ ቀለም ቀቢው፣ ወንድምየውን እያየ።

«ዘጋ። ግን ሊገድል የመጣ ሰው ቢራ አይጠምቅም። ኮትም አያለብስም። በዚያ ትከሻ ኮቱን ራሳቸው አልደረቡትም።» ማንጠልጠያውን አነሳች። «ይህ ተተርትሮ ነበር። ያ ሰው ከማንሳቱ በፊት በአራት ስፌት ጠገነው። የሟች ስፌቶች በሙሉ ወደ ቀኝ ያዘነብላሉ፤ እነዚህ አራቱ ወደ ግራ። እርስዎ፣ ቀለም ቀቢው፣ ነክተውት ቢሆን ነጩ ጨርቅ ላይ ቀለም ይቀር ነበር። ወንድማቸው ቁልፍ በሽቦ የሚያስሩ ሰው ናቸው። እናት ክሊኒክ ነበሩ፤ ካርዳቸውን አይቻለሁ። ከቀሩት መካከል በግራ እጁ የሚሠራ፣ የተተረተረ ነገር አይቶ ማለፍ የማይችል አንድ ሰው ነው።»

ማንም አልዞረም። ልጅቱ ግን ራሷ ተናገረች።

«ከሠርጌ በፊት ልታረቀው መጣሁ። መርፌውን ከኮሌታው ላይ ነቀልኩት። ሁሌ እዚያ ነው የሚሰካው። ተኝቶ ነበር። ልቀስቅሰው ብዬ ፈራሁ፤ ሥራውን ልጨርስለትና ልሂድ አልኩ። ዝናብ ጀምሮ ነበር፣ በሸሚዝ ብቻ ነው፣ ነፋሱ በቀጥታ እሱ ላይ ነው የሚመጣው... እንዳይበርደው ነው የዘጋሁት፣ እማዬ! አጎቴን ሲያስሩት ነገሩ ገባኝ፤ ከዚያ አፌ ተሳሰረ።»

እናት አፏን በእጇ ያዘች። ወንድምየው የታሰረበትን ሦስት ቀን ረስቶ ወደ ልጅቱ ሊሄድ ተነሳ፤ ፖሊሱ ትከሻውን ይዞ አስቀመጠው። ነፍሰ ገዳይ ቢገኝ ሁሉም በደስታ ይረግሙት ነበር። አሁን የሚረገም ሰው ጠፋ።

«ተኝቶ ነበር፣ አይደል?» አለች ልጅቱ። «ምንም አላወቀም?»

«እንቅልፍ ላይ ነው ያለፉት» አለች መርማሪዋ። በሥራዋ ስትዋሽ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«ደብተሩን ልየው? ጽሕፈቱን ብቻ።»

መርማሪዋ እምቢ ልትል አሰበች። ነገር ግን ደብተሩ ከመዝገቡ ጋር ፍርድ ቤት ይገባል፤ ዛሬ ባትሰጣት፣ አንድ ቀን ዳኛ ሰው በሞላበት ችሎት ያነብብላታል። ይህን ሁሉ ስፌትና ትከሻ ስትቆጥር የዋለችው ያቺን የመጨረሻ ገጽ ጮክ ብላ ላለማንበብ ነበር። ምን ዋጋ አለው? አወጣችና ሰጠቻት።

ልጅቱ ገጾቹን በግራ እጇ ገለጠች። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ቆመች፤ እንደ ተማሪ ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ አነበበችው።

«ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር። ከረጢቱን አወጣችልኝ። ስፌቷ ዛሬም ወደ ግራ ነው። ዓይኔን ብገልጥ ትሄዳለች ብዬ ዝም አልኩ።»

«መስኮቱን ስዘጋ ነቅቶ ነበር» አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

እናት ከመቀመጫዋ ተነስታ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ የሳሎኑን መስኮት ከፈተችው።