ቁልፉ በማን እጅ ነበር

ሁለቱ ሰዎች ቱታ ለብሰዋል። ሱሉልታ ላይ ቱታ ማንንም አያስደነግጥም፤ ጠዋት ጠዋት ከተማው ሁሉ ሯጭ ነው። ግን ከሜዳ የሚመለሰው ሰው በላብ ተዘፍቆ ነው የሚመጣው።

እነዚህ ደረቅ ናቸው።

ራቢአ ሀሰኖ የምግብ ሳህኗን ደረቷ ላይ አስጠግታ ወደ ሚኒባሶቹ አዘገመች። ሸምሰዲን ከአንዱ ሚኒባስ ጀርባ ቆሞ ይጠብቃታል። የሚኒባስ ረዳት ነበር። ከጨፌ ጉዳ እስር ቤት በዋስ የወጣው ትናንት ነው። በስልክ ሲነሳ የምስጢር ስሙ «ዕቃው» ነው። የእሷ ደግሞ «ወለላ»።

«አካም ቡልቴ፣» ብሎ በኦሮምኛ እንዴት እንዳደረች ጠየቃት።

«ነጋ፣ ሰላም ነው። ዞረህ አትይ። ተከትለውሃል።»

«የት ጋ ናቸው?»

«ከኋላዬ። ያ ጭድ የጫነው አይሱዙ ሲንቀሳቀስ ትዘላለህ። እኔ እከተልሃለሁ።»

አይሱዙው ጭሱን ተፋ። ሸምሰዲን ዘለለ። አንድ እግሩ ሸርተት ብሎ ከብረቱ ጋር ተጋጨና ቁርጭምጭሚቱ ዞረ። ራቢአ ሳህኑን ጥላ ተንጠለጠለች።

ሁለቱ ሰዎች ሮጡ። አሁን አላባቸው።

አልደረሱባቸውም።

እንጦጦን ወጥተው ሲወርዱ ሸምሰዲን እግሩን ይዞ ያቃስት ነበር። «ለአንድ ምግብ አቅራቢ ብዙ ታውቂያለሽ፣» አላት።

እሷ ከኋላ የሚመጡትን መኪኖች ታይ ነበር።

በጨፌ ጉዳ እስር ቤት ድንቅቱ ተብላ ነበር የምትጠራው፤ ለእስረኛ ምግብ የምታቀርብ ዝምተኛ ሴት። ከቡራዩ አለፍ ብላ በምትገኘው በዚያች ትንሽ ከተማ ያስቀመጣት የስለላ መሥሪያ ቤቷ ነው። ዘመኑ የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ የተቀጣጠለበት ዘመን ነበር። መንገዱ በድንጋይ ይዘጋል፣ ወጣቱ እየታፈሰ ይታሰራል። መሥሪያ ቤቱ እስረኞቹ ምን እንደሚያወሩ ማወቅ ፈለገ፤ እሷም ልሂድ አለች።

ለምን ልሂድ እንዳለች ግን አልተናገረችም።

ከእስረኞቹ አንዱ የህያ አክመል ይባል ነበር። ሰበታ ከእናቱ ሱቅ ጫማ ይሸጥ የነበረ፣ ለዕቃ ወጥቶ በአፈሳው የተያዘ ልጅ። እሷ ጨፌ ጉዳ ከመግባቷ በፊት በእስር ቤቱ ሞተ። ራሱን አጠፋ ተባለ። ራቢአና የህያ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። በአባት ስለሚለያዩ መሥሪያ ቤቱ ዝምድናቸውን አላወቀም።

እናታቸው ኡሙልኸይር ግን የራቢአን ሥራ ታውቅ ነበር። ራቢአ ለቅሶ ልትደርስ ስትመጣ ከበር መለሰቻት።

«ያሰሩት ያንቺ ሰዎች ናቸው። ደጄን እንዳትረግጪ።»

ራቢአ እስር ቤቱ ውስጥ ወጥ እየጨለፈች አዳመጠች። መጀመሪያ የፈለገችው የገዳዩን ስም ነበር። ሽጉጥም አዘጋጅታ ነበር። ከየህያ ጋር ታስሮ ከነበረው ከሸምሰዲን አፍ የሰማችው ግን ከጠበቀችው የተለየ ሆነ። ልጁን ማንም አልገደለውም። እስሩን መቋቋም አቅቶት አእምሮው ተረበሸ። አንዴ ራሱን ሊጎዳ ሲል ጓደኞቹ ደርሰው ያዙት። ከዚያ በኋላ በተራ እየነቁ ይጠብቁት ጀመር። እውነቱ ለሚባለው ኢንስፔክተር፣ ለእስር ቤቱ አዛዥም ይህን ነገሩት። አዛዡ ሐኪም አልጠራም። ከጓደኞቹ ነጥሎ ለብቻው ዘጋበት።

ይህን ለጠበቃዋ ለየሺወርቅ ነገረቻት።

«አዛዡን ብገድለውስ?» አለች ራቢአ።

«አዛዡ ይሞታል፣ እስር ቤቱን የሚያስተዳድረው ከተማ ይድናል። ጥፋቱን ሁሉ በሞተው አዛዥ ላይ ጭነው ይገላገላሉ። ሰውን ያሰረ ነፍሱንም ተረክቧል፣ ራቢአ። ገደላችሁት ብዬ አልከስም። እያወቃችሁ ተዋችሁት ነው የምለው። ማወቃቸውን ግን ከእስረኛ አፍ ብቻ ካመጣሁ አያምኑኝም።»

ራቢአ ያን ዕለት ጥላቻዋን ከአንድ ሰው ላይ አንስታ ከተማው ላይ አሳረፈችው። ከተማው በማኅተሙና በባንዲራው ችሎት ቆሞ አፍሮ ማየት ፈለገች።

አዲስ አበባ፣ ጊዮርጊስ ሲደርሱ ከአይሱዙው ወረዱና አንድ ሻይ ቤት ገቡ። ወደ አለቃዋ ደወለች። ሙሐመድአሚን ይባላል። ለሥራው ያሠለጠናት እሱ ነው፤ እንደ አባት ታየዋለች። ምስክር እንዳገኘች ነግራው እስከ ችሎት እንደሚሸሽግላት ቃል ገብቶላት ነበር።

«ዕቃው እጄ ገብቷል፣» አለችው።

«ጎበዝ። ሰበታ አምጪው። አስፋልቱ ዳር ያለው ጋራዥ እጠብቅሻለሁ።»

«በሚኒባስ እንመጣለን።»

«ኮንትራት ያዢ። በዚያ እግሩ ግፊያውን አይችልም።»

ስልኩን ዘጋች።

ስለ እግሩ አልነገረችውም።

እግሩ ሲዞር ያዩት ሁለቱ ቱታ ለባሾች ብቻ ናቸው።

ሸምሰዲን ፊቷን አይቶ «ምን ሆንሽ?» አላት።

«የሺወርቅ መጥታ ትወስድሃለች። ከእሷ በቀር ከማንም ጋር እንዳትሄድ።»

«አንቺስ?»

«እኔ ቀጠሮ አለኝ።»

ሰበታ ስትደርስ ገበያ ነበር። ጋራዡ ውስጥ ሙሐመድአሚን ብቻውን አልነበረም። ኢንስፔክተር እውነቱ አጠገቡ ተቀምጧል። ራቢአ ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ውስጡ ያለው ስልክ ክፍት ነው። በወዲያኛው ጫፍ የሺወርቅ ለምስክርነት ከጠራቻቸው ሁለት ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጣ ትሰማለች፤ ትቀዳለችም።

«ዕቃውስ?» አለ ሙሐመድአሚን።

«ቅርብ ነው። የሸጡኝ ለምንድን ነው፣ ጋሼ?»

ሰውየው ዓይኑን አልሰበረም። «በዚህ ሰዓት አንድ ከተማ ፍርድ ቤት ቢቆም ነገ ሁሉም ይቆማል። እሳት ላይ ቤንዚን አንጨምርም።»

«እሺ፤ እሰጣችኋለሁ። ግን እሱ የሚያወራውን ሌሎችም ሰምተዋል።» ወደ አዛዡ ዞረች። «ኢንስፔክተር የህያን ደብድቦ ገደለው ነው የሚለው። በግድያ ነው የምትጠየቀው።»

የእውነቱ ፊት ቀላ። «ውሸት ነው! ጣቴን አላነሳሁበትም። ራሱ ነው ያጠፋው።»

«ማን ያምንሃል?»

«ሁሉም ያውቃል። ከዚያ በፊትም ሞክሯል። አብረውት የታሰሩት ልጆች ራሳቸው ነገሩኝ።»

«ነገሩህ?»

«ነገሩኝ። ለከንቲባውም አሳወቅሁ። ሌላውን ይረብሻል፣ ነጥለህ ዝጋው አለኝ። ሐኪም እንጥራ ብዬው ነበር፤ ከተማው ሌላ ጣጣ አለበት አለ። ጠባቂ እንዳላቆም ደግሞ ጠባቂዎቹን በሙሉ ለሰልፉ ወሰዱብኝ። እኔ ምን ላድርግ?» ትንፋሹን ሰበሰበ። «በሕይወት እንደማያድር አውቄ ነበር። ግን አልገደልኩም።»



የራቢአ እጅ ነጠላዋ ሥር ሽጉጡ ላይ ነበር። ጣቷ ቃታውን አገኘው። የህያ የተዘጋበትን በር እየደበደበ የሚጣራ መሰላት። ይህ ሰው ደግሞ እዚህ ተቀምጦ «ምን ላድርግ» ይላል። አንዴ ብትስበው ይበቃ ነበር።

ጣቷን አነሳች።

ነገሩ ቀድሞ የገባው ሙሐመድአሚን ነው። ቦርሳውን አየ። ከዚያ እሷን አየ።

«ማን እየሰማ ነው?»

«የሚሰማው ሰምቷል። ብትገድለኝም የተባለው ተብሏል።» አንቱታው ከአፏ መውደቁን ሁለቱም አስተዋሉ።

«የሞተው ልጅ ምንሽ ነው?»

«የእናቴ ልጅ።»

እውነቱ ተነሥቶ ሊይዛት ሲል ሙሐመድአሚን በእጁ መለሰው። ፊቱ ላይ ቁጣም ኀዘንም ይታይ ነበር። «እዚህ የሚሆነው ሁሉ ይሰማል፤ ተዋት። ከዛሬ ጀምሮ ስም የለሽም፣ ራቢአ። በስምሽ ሥራ ብትቀጠሪ፣ ከቤተሰብሽ ደጅ ብትታዪ፣ ሰዎቼ ይደርሱብሻል። ለእነሱም አይበጅም።»

«አውቃለሁ።»

ወጣች። አስፋልቱ ላይ ወጣቶች ድንጋይ ደርድረው፣ ክንዳቸውን ከራሳቸው በላይ አጣምረው ይዘፍኑ ነበር። ከመካከላቸው ገባች። ቱታ ለባሾቹ ሲደርሱ ሕዝቡ ውጧታል።

ክሱ ብዙ ተጓተተ። ሸምሰዲን ያየውን ተናገረ፣ ቅጂው ተሰማ። የከተማው አስተዳደር ጠበቃ፣ ሟቹ በገዛ እጁ ላጠፋው ሕይወት አስተዳደሩ ሊጠየቅ አይገባም ሲል ተከራከረ። ዳኛዋ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት።

«የበሩ ቁልፍ በማን እጅ ነበር?»

ጠበቃው ወረቀቱን አገላበጠ። 

በፍርዱ ቀን ራቢአ ዱከም አንድ ፋብሪካ ውስጥ ጨርቅ ትቆርጥ ነበር። በምሳ ሰዓት ከሰው ስልክ ተውሳ ደወለች።

«ተፈረደበት፣» አለች የሺወርቅ። «ከተማው ኃላፊ ነው ተባለ። ከንቲባው ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ሰማው። አንገቱን ማስገቢያ አጣ።»

ራቢአ ይህችን ቀን ስንት ጊዜ አስባት እንደነበር ትዝ አላት። ደስታው ሲመጣ ጠበቀችው። የመጣው ግን የጥርሷ መላላት ብቻ ነበር፤ ለካ ይህን ሁሉ ጊዜ ነክሳው ኖራለች።

«እናቴስ?»

«ይህን ሁሉ የሠራው ማነው ብላ ጠየቀችኝ። እንዳልሽኝ ስምሽን አልነገርኳትም። አንዲት ለእስረኞች ምግብ የምታቀርብ ሴት ናት አልኳት።»

«ምን አለች?»



«እናቷ የታደለች ናት አለች።»

ራቢአ ስልኩን ለባለቤቱ መለሰች። ደወሉ ተደወለ። አዲሱ ተቆጣጣሪ በር ላይ ቆሞ የሚገባውን ሠራተኛ ሁሉ ስም ይጠይቃል። ተራዋ ሲደርስ አፏ ላይ የመጣላትን ስም ሰጥታው ወደ መቁረጫዋ ሄደች።