ባና የጋረደው ሽቦ

አቶ ገብረየሱስ ራሳቸውን ተመትተው፣ አልጋቸው ላይ ሞተው ሲገኙ የሳሎኑ በር ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። የማንቂያው ደወል ግን አልጮኸም። በሩ በተነካ ቁጥር ግማሹን መንደር የሚቀሰቅስ ደወል ነበርና፣ ፖሊሶች ብዙም ሳያመነቱ ደወሉን የገጠመውን ኤሌክትሪሻን ባድሩን ያዙ። ቤቱንም አሸጉት። ባድሩ በከሰዓቱ አውቶቡስ ወደ ደብረ ብርሃን ሊላክ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚሰማው እንደማይኖር ራሱም ያውቀዋል።

ኢንስፔክተር ጽናት ከዞን የመጣችው በዚያው ጧት ነው። ፖሊስ ቤት ስትገባ መጀመሪያ የተማረችው የሬዲዮ ጥገና ነበር። ማሸጊያውን አስነስታ በሩን ስትከፍት ጉሙ አብሯት ገባ።

«አንተ ካልሆንክ ማነው ደወሉን ዝም ያሰኘው?» አለችው ፖሊሶች ይዘውት የገቡትን ባድሩን።

«አላህ ይወቅ፤ እኔ ቁልፍ እንኳ የለኝም» አለ በካቴና የታሰረ እጁን እያየ። «ሥራው ቀላል ነው። በሩ ሲዘጋ ሁለቱ ሽቦዎች መቃኑ ላይ ባለው ስዊች ይገናኛሉ። ሲከፈት ይለያያሉ፤ ያኔ ይጮኻል።»

«ይኼን ለሌላ ሰው ነግረሃል?»

«ስገጥም መሰላል ለያዘልኝ፣ እዚህ ቤት ላደገው ለትዕዛዙ። ከተነካኩ ዝም ይላል ብዬ አሳይቼዋለሁ።»

ጽናት ደወሉን አጥፍታ፣ በሩን እንደተከፈተ ትታ ቴስተሯን ከደወሉ ሳጥን በሚወጡት ሁለት ሽቦዎች ላይ አሳረፈች። ቴስተሩ ጮኸ። በሩ ተከፍቶም ሽቦዎቹ ተገናኝተዋል ማለት ነው። ወደ መቃኑ ሄዳ ስዊቹን ፈታች፤ ሽቦዎቹን ለያይታ ተመልሳ ለካች። አሁንም ጮኸ። እንግዲህ ብልሽቱ ስዊቹ ላይ ሳይሆን መንገድ ላይ ነው። ግድግዳውን ተከትላ ሄደች። ሽቦው መሀል ላይ ከተሰቀለ፣ ባና ከሚባል ጥቁር የሱፍ ብርድ ልብስ ጀርባ ይገባል። ባናውን ገለጥ አደረገች።

ወፍራም የባና መስፊያ መርፌ ሽቦውን መሀል ለመሀል ወግቶ ሁለቱን መስመር አገናኝቷል። ከመርፌው ዓይን አንድ ስንዝር የሚሆን ጥቁር የሱፍ ክር ተንጠልጥሏል። ሳትነካው ባናውን መለሰችው።

የሟቹ ሚስት ወይዘሮ የትምወርቅ ጓሮ ተቀምጠው ነበር። በዚያ ሌሊት ማኅበር ሄደው እዚያው አድረዋል። ባላቸው ልጅ ስለሌላቸው የፊታችን እሑድ ቤቱን ለደብሩ ሊሰጡ እንደነበር፣ የበሩ ቁልፍም በሦስት ሰው እጅ ብቻ እንዳለ ነገሯት፦ በሟቹ፣ በእሳቸውና እንደ ልጅ ባሳደጉት በባላቸው ወንድም ልጅ በትዕዛዙ። ጽናት እሾህ ወጋኝ ብላ መርፌ ለመነቻቸው። ከቆርቆሮ ውስጥ ክር የሌለው ባዶ መርፌ አውጥተው ሰጧት።

ትዕዛዙ በአጎቱ የሽመና ቤት ውስጥ ሁለት የባና ቁራጭ ሰፍቶ ማያያዙን ገና መጨረሱ ነበር። እሱንም መርፌ ጠየቀችው። ከኮሌታው ነቅሎ ሰጣት። ክሩን መዝዛ፣ እሾህ እንደምታወጣ ሰው ጣቷን ነካክታ ስትመልስለት፣ ኮሌታው ላይ ከመሰካቱ በፊት አዲስ ክር አስገባበት።

«ስፌቱን ጨርሰሃል፤ ክሩ ለምንህ ነው?»

«ባዶ መርፌ ባና ውስጥ ከጠፋ አይገኝም፤ የተኛውን ነው የሚወጋው» አለ ፈገግ ብሎ። «አጎቴ በኩርኩም ነው ያስተማሩኝ።»

እኩለ ቀን ላይ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸውና ባናውን አወረደችው። ሁሉም መርፌውን አዩ።

«ባድሩ ደወሉን ማፈን ቢፈልግ ሳጥኑን ከፍቶ በደቂቃ ይጨርሰው ነበር» አለች። «ይኼን ያደረገ ሰው ሽቦዎቹ ሲነካኩ ደወሉ ዝም እንደሚል ብቻ ያውቃል። ቀን፣ ደወሉ ሳይጠመድ፣ እዚህ እንደ ልቡ የሚገባ ሰው ነው። ሌሊት ደግሞ በሩን በቁልፍ ከፍቷል። መርፌውን በኋላ ሊነቅለው አስቦ ነበር፤ ቤቱ ታሸገበት።»

«መርፌ በየቤቱ ሞልቷል» አለ ትዕዛዙ።

«መርፌውስ ሞልቷል። ክሩን ንገረኝ። ሽቦ ሊወጋ የመጣ ሰው ክር ምን ይሠራለታል?»

ትዕዛዙ ክሩን አየ። እጁ ወደ ኮሌታው ሄዶ እዚያው ቀረ።

«አንተ አላስገባኸውም፤ እጅህ ነው ያስገባው። በዚህ ቤት መርፌ ያለ ክር የማያሳድር አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው፤ ያስተማረህማ ሞቷል።»

«ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ሰፍቼላቸዋለሁ» አለ፣ ወደ ወይዘሮ የትምወርቅ ሳያይ። «ቤቱን ለደብሩ ሲሉ፣ ትዕዛዙ የት ይግባ አላሉም።»

ካቴናው ከባድሩ እጅ ወጥቶ ወደ ትዕዛዙ እጅ ገባ።

ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ ጽናት መርፌውን ነቅላ በፖስታ አሸገችው። ባድሩ ማንም ሳያዘው ስዊቹን መልሶ ገጠመ፣ በሩን ዘግቶም ደወሉን ጠመደው፤ ሥራው ተበላሽቶ እንዲቀር አልፈለገም። ይኼኔ ከጉሙ ውስጥ ለቅሶ ደራሾች ብቅ አሉ። የፊተኛዋ ሴት በሩን ስትገፋው ደወሉ ቤቱን አናወጠው። ባድሩ ሊያጠፋው ሮጠ።

«ተወው» አሉት ወይዘሮ የትምወርቅ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። «ያን ሌሊት ያልጮኸላቸውን ዛሬ ይጩህላቸው።»