አፉን የደፋው ማሰሮ

ሙንካይላ የጥንት ሰዎች በተቀበሩበት ጉብታ ላይ፣ ከተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ሞቶ የተገኘው ማለዳ ነው። ከራስጌው፣ አናቱ ላይ የሰው ፊት የተቀረጸበት ረጅም የሸክላ ማሰሮ አፉን ወደ ምድር ደፍቶ ቆሟል። መንደሩ ወዲያው ፈረደበት። ዕድሜ ልኩን ጉብታውን ሲጠብቅ የኖረው ሽማግሌ ለካስ ራሱ ሲዘርፈው ኖሯል ተባለ።

ሳጅን ቢባታ በሞተር ሳይክል ስትደርስ የሟቹ ልጅ ዛሊካ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«ሳይመሽ መቀበር አለበት፤ ሽማግሌዎቹ ግን መቃብር የከፈተ ሰው ከሙታናችን ጋር አይተኛም አሉ» አለች። «እናቴ ጎን ይተኛልኝ እትዬ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ቢባታ ሳይጨበጥ ተስፋ መስጠት አትወድም፤ ወደ ጉድጓዱ ወረደች። የሙንካይላ ማጅራት በድንጋይ ተጎድቷል። እንደወደቀ ግን አልተተወም። በቀኝ ጎኑ ተጋድሟል፤ ፊቱ ወደ ምሥራቅ ዞሯል፤ ዓይኖቹ ተከድነዋል። ማሰሮውን አዘንብላ ውስጡን ዳሰሰች፤ ያገኘችውንም በመሀረቧ ቋጠረች።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ከዋና ከተማው ከኒያሜ መጥቶ መንደሩ ያረፈውን እንግዳ፣ ላዋሊን ነው።

«ማሰሮ ገዢው አንተ ነህ?»

«ኧረ እኔ የጨርቅ ነጋዴ ነኝ!»

«ጨርቅህ ታዲያ ምነው አፈር አፈር ሸተተኝ?»

ላዋሊ ራሱን አከከ። «እሺ፣ እገዛለሁ። የሚያመጣልኝ ሰው ፊቱን በጥምጥም ሸፍኖ ነው የሚመጣው። ትናንት ቀጥሮኝ ቀረ።»

«ዕቃህን በምን ታሽጋለህ?»

«በአሮጌ ጨርቅ። ሌላ ነገር አላምንም።»

የሟቹ ታናሽ ወንድም ሳሉ፣ ወንዙ ዳር ባለው ማሳው ጫፍ ተቀምጦ ያለቅስ ነበር።

«አዝመራው እንዴት ነው?» አለችው።

«ሩዙ ፍሬ ሳይዝ ቀረ። የተረፈኝ ገለባው ብቻ ነው።»

ከቀትር በኋላ ሁሉንም ጉብታው ሥር ካለው ዛፍ ጥላ ሰበሰበቻቸው። የመንደሩ አለቃ ሰይኒ ፊቱን እንዳኮሳተረ መጣ።

«እነዚህ ማሰሮዎች ከመሬት ሲወጡ ውስጣቸው አፈርና አጥንት ነው» አለች ቢባታ መሀረቧን እየፈታች። «በዚህኛው ግን የሩዝ ገለባ አገኘሁ። ማሰሮ ውስጥ ገለባ የሚጎሰጎሰው መንገድ ላይ እንዳይሰበር ነው። እንግዲህ ማሰሮው ቀድሞ ተሰርቆ፣ ታሽጎ፣ ኋላ ተመለሰ ማለት ነው። ሙንካይላ እየሰረቀ አልነበረም። ወደ ቦታው መልሶ፣ እንደ ጥንቱ ደንብ አፉን ደፍቶ አስቀመጠው።»

ዛሊካ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

«ላዋሊ የሚያሽገው በጨርቅ ነው። መንደሩ የሚዘራው ማሽላ ነው። ሩዝ ያለው አንድ ሰው ነው።»

ማንም ወደ ሳሉ ቀና ብሎ አላየም።

«ሌላ ገዳይ ቢሆን ሮጦ ያመልጥ ነበር። ይኼኛው ግን ተንበርክኮ ዓይኑን ከደነለት፤ እንደ ቀብር ወጋችን ወደ ምሥራቅ አዞረው። ሙንካይላን የገደለው የሚወደው ሰው ነው።»

ሳሉ መሬት መሬት እያየ ተናገረ። «ማሰሮውን ከቤቴ ይዞ ሲወጣ ተከተልኩት። ወንድም ጋሼ፣ ልጆቼ ተርበዋል፣ ተው አልኩት። ‹እዚህ የተኙትም የሰው ልጆች ናቸው› አለኝ። ማሰሮውን ደፍቶ ቀና ሲል ልብሱን ይዤ ጎተትኩት፤ በጀርባው ድንጋይ ላይ ወደቀ።»

«ሌባ ሲሉትስ አጎቴ?» አለች ዛሊካ። «ያኔ እንኳ ለምን ዝም አልክ?»

«ፈራሁ።»

አለቃ ሰይኒ በአፍረት አቀረቀረ። ሙንካይላ ከሚስቱ ጎን ይቀበር ተባለ። ግን ሬሳውን መቃብር ውስጥ ወርዶ የሚቀበለው የቅርብ ወንድ ዘመድ ነው፤ ሙንካይላ ደግሞ ከሳሉ በቀር ወንድ ዘመድ አልነበረውም።

ሁሉም ዛሊካን ተመለከቱ። ሻሿን ከፊቷ ገለጠች።

«ይውረድ» አለች። «ትናንት እንዳስተኛው አድርጎ ያስተኛው።»

ቢባታ ያወጣችውን ካቴና ወደ ኪሷ መለሰች። ሳሉ ወርዶ ወንድሙን በሁለት እጁ ተቀበለ፤ በቀኝ ጎኑ አስተኝቶ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዞረ። ለመውጣት እጁን ወደ ላይ ሲዘረጋ የሚያነሳው ሰው ጠፋ። በመጨረሻ እጁን ይዛ ያወጣችው ቢባታ ናት፤ ካቴናውንም ያኔ አጠለቀችለት።