በሩ ዝግ ነው፣ ተለጠፈ

መጥሪያ አድራሹ ከሦስተኛ ፎቅ በሚወርደው ደረጃ ግርጌ፣ ጉንጩን ሲሚንቶው ላይ አሳርፎ ተኝቷል። ላየው ሰው የደከመው እንጂ የሞተ አይመስልም። ቀኝ እጁ ብሩሽ እንደጨበጠ ነው። የዱቄት ሙጫ የነበረበት ጣሳ ሦስት ደረጃ ከፍ ብሎ ተደፍቷል፤ ሙጫውም በደረጃዎቹ ጠርዝ ላይ ረግቷል። ከደረጃው አናት አምፖሉ ቦግ ብሎ በርቷል።

«አዳልጦት ነው» አለ ቀድሞ የደረሰው ወጣት ፖሊስ። «ጉልበቱን የሚያመው ሽማግሌ፣ ደረጃው ደግሞ ገደል። ምኑ ይመረመራል?»

መርማሪዋ ከሟቹ ቦርሳ የወጣውን የርክክብ ደብተር እያገላበጠች ነበር። ሕግ በሩቅ አገር ተምራ ከተመለሰች አምስት ዓመቷ ነው። ባልደረቦቿ «ጠርጣራዋ» ይሏታል፤ ከሁሉ አብዝታ የምትጠረጥረው ግን ራሷን መሆኑን አያውቁም።

ደብተሩ የጠንቃቃ ሰው ደብተር ነው። ቀን፣ ሰዓት፣ የቤት ቁጥር፣ ውጤት። ፊደሎቹ በመስመሩ ላይ እንደ ሰልፈኛ ቀጥ ብለው ቆመዋል። የዛሬዋ፣ የመጨረሻዋ መስመር ብቻ ሌላ ናት። «ረፋድ 4:10፤ ቁጥር 9፤ በሩ ዝግ ነው፣ ተለጠፈ» ትላለች፤ ፊደሎቹ ግን መስመራቸውን ስተው ሽቅብ ወጥተዋል፣ «ዝግ» እና «ነው» አንዱ ባንዱ ላይ ተጽፈዋል።

ደረጃውን ወጣች። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት በሮች አሉ፣ ስምንትና ዘጠኝ። በመተላለፊያው መስኮት የሚባል ነገር የለም። ቁጥር ዘጠኝ በር ላይ ወረቀት አላየችም። እጇን ስታሳርፍበት ግን መዳፏ ተያዘ።

«ተለጥፎ ነበር» አለች። «የላጠውን ሰው እንፈልግ።»

በዚያ ሰዓት ሌላው ነዋሪ ወደ ሥራው ሄዷል፤ ሕንጻው ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ምድር ቤት ፀጉር አስተካካዩ፣ ቁጥር ዘጠኝ ልብስ ሰፊዋ፣ ቁጥር ስምንት ጡረተኛው መምህር።

ፀጉር አስተካካዩ ዝም ማለት የማይሆንለት ሰው ነበር።

«ያገኘሁት እኔ ነኝ፣ እህቴ። ጭልፊት ወጣ፣ አልወረደም። ግማሽ ሰዓት ጠበቅሁ። ነገሩ አላማረኝም፣ ወጣሁ።»

«ጭልፊት ማነው?»

«እሱ ነዋ፣ ነፍሱን ይማርና። ሲመጣ ሁሉም ጫጩቱን ይሰበስባል።» ሊስቅ ጀምሮ ተወው።

«ሌሎቹ መምጣቱን በምን ያውቃሉ?»

አንገቱን አከከ። «እኔ ሬዲዮ እከፍታለሁ። እስከ ጥጉ። ዘፈን መውደድ ያስከስሳል?»

«ዛሬም ከፈትክ?»

«ከፈትኩ። ከዚያ ወደ ደንበኛዬ ተመለስኩ። ግማሽ ጢሙን ላጭቼ ግማሹን ትቼ የት እሄዳለሁ? ጫማ ሻጩ ነው፣ ማዶ ሱቁ አለ፣ ጠይቂው።»

ጫማ ሻጩ ተጠየቀ። ጉንጩ ላይ አዲስ የምላጭ ጭረት ነበረው፤ ቃሉም ያው ሆነ።

«ስታገኘው መብራቱ በርቶ ነበር?»

«እንዲህ ቦግ ብሎ።»

«ግን ለምንድን ነው የምትሸሹት?»

«ሕንጻው ለአዲስ ባለቤት ከተሸጠ ወዲህ የሚያመጣው አንድ ቃል ነዋ፤ ልቀቁ። ድሮ ወረቀቱን በእጅህ ካልተቀበልክ ቀኑ አይቆጠርብህም ነበር። ዘንድሮ ደግሞ ሌላ ሕግ ወጣ፤ በርህ ላይ ከተለጠፈ፣ አየኸውም አላየኸው፣ ደርሶሃል። ይህን ሁሉ ያስተማሩን ጋሼ ናቸው። እሳቸው ባይኖሩ እስካሁን ሜዳ ላይ ነበርን።»

ጋሼ የሚላቸው መምህሩ ነበሩ። በር ሲከፍቱላት ጭንቅላታቸው የበሩን ጉበን ሊነካ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ቤታቸው ከመጽሐፍ ሌላ ጌጥ የለውም። መነጽራቸው ጠረጴዛው ላይ፣ በተከፈተ የሕግ መጽሐፍ ላይ ተቀምጧል።

«ዛሬ ጠዋት ከቤት ወጥተው ነበር፣ ጋሼ?»

«አልወጣሁም። ሳነብ ነበር።»

«ሰው ሲወድቅ አልሰሙም?»

«ያ ሬዲዮ እየጮኸ ምን ይሰማል?»

«ሟቹን ያውቁታል?»

«ሰባት ጊዜ መጥቷል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉው የሚሸከመው ነው።»

«ይግባኝ ብላችሁ ነበር አሉ።»

«የሁላችንንም ነገር አንድ ላይ አድርጌ እኔ ጻፍኩት። ቀዳሚዋ ይግባኝ ባይ እሷ ናት፣ ቁጥር ዘጠኝ፤ ከሁላችን ረጅም ዘመን የኖረች ስለሆነች። አራት ወር ሞላው። ወንዝ ውስጥ የጣልነው ድንጋይ ነው፤ ሲገባ ድምፁን እንኳ አልሰማንም።» ይህን ሲሉ መስኮቱን እንጂ እሷን አላዩም።

ልብስ ሰፊዋ አጭር ሴት ናቸው፣ ወገባቸውን ስለሚያማቸው ግድግዳ ተደግፈው ነው የሚራመዱት። ስፌት መኪናቸው በሩ አጠገብ ናት። በላይዋ የተጀመረ ነጭ የተማሪ ሸሚዝ አለ፤ አንዲት ነጠብጣብ የለበትም።

«ምንም አልሰማሁም፣ ልጄ» አሉ ሳትጠይቃቸው።

መርማሪዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ይህን ዝምታ ታውቀዋለች። «ልጅ ሆኜ» አለች «ወረቀት የያዘ ሰው ሲያንኳኳ እናቴ በሩ ሥር ታቆመኝና ‹እናቴ የለችም› ታስብለኝ ነበር። እሷ ከኋላዬ ቀሚሴን ይዛ። ውሸቱ ሳይሆን ቀሚሴን የጨበጠው እጇ ነው እስከዛሬ የማልረሳው።»

ሴትየዋ ሸሚዙን አጠፉ፣ መልሰው ዘረጉ።

«አንኳኳ» አሉ በመጨረሻ። «ሦስት ጊዜ። ከዚያ ‹እናቴ፣ ይክፈቱ፤ ዛሬስ ደህና ወረቀት ነው› አለኝ።»

«አልከፈቱም።»

«ማታለያ መሰለኝ። የስፌት መኪናዋን መዘውር በእጄ ያዝኩ፣ ትንፋሼን ዋጥኩ። ከበሩ ሥር እንኳ ጥላውን አላየሁም፤ ውጭው ድቅድቅ ያለ ጨለማ ነበር። ቆይቶ የሆነ ነገር ወደቀ። ደግሞ ቆይቶ በሬን ሲቧጥጥ ሰማሁ። አይጥ ነው አልኩ።» ዓይናቸው ሞላ። «አይጥ እንዳልሆነማ አውቃለሁ።»

መርማሪዋ ወጥታ አምፖሉን ቀና ብላ አየችው። ወጣቱን ፖሊስ «አጥፋውና ሲበርድ በመሐረብ ይዘህ ፍታልኝ፤ መሰላል ግን አታምጣ» አለችው። ልጁ መካከለኛ ቁመት አለው። በጣቶቹ ቆሞ ተንጠራራ፣ አልደረሰም፤ ዘለለ፣ አሁንም አልደረሰም። ኋላ ወንበር መጣለት። መስታወቱ ላይ የዓመት አቧራ ነበር፤ በአቧራው መካከል ግን ሦስት የጣት ቅርጾች፣ ቡናማና ደረቅ፣ ምጣድ ላይ እንደተረሳ ሊጥ ተጋግረው ይታያሉ።

ሬሳው ከተወሰደበት ሆስፒታል ስልክ ተደወለ። የሐኪሙን ቃል እስከ መጨረሻው ሰማች፣ አመሰገነችና ዘጋች። አንድ ቀን እንኳ ተሳስቼ ቢሆን ምናለ ብላ ተመኘች።

ሦስቱንም ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በሁለቱ በሮች መካከል ሰበሰበቻቸው። ለልብስ ሰፊዋ ወንበር ወጣላቸው። ፀጉር አስተካካዩ ሽርጡን ሳያወልቅ፣ የውሃ መርጫውን እንደያዘ ነው የመጣው።

«መጀመሪያ ደብተሩ» አለች። «ይህ ሰው በሕይወቱ አንዲት መስመር አጣሞ አልጻፈም። የዛሬዋን ግን አጣመመ። የጻፈው በጨለማ ስለሆነ ነው። በሩን በዳበሳ ያውቀዋል፤ ሰባት ጊዜ መጥቶበታል። ስልኩ ከቦርሳው አልወጣም፤ ሲጽፍ ደብተርና ብዕር፣ ሲወርድ ጣሳና ብሩሽ ሁለት እጁን ይዘውታል። እናታችንም ውጭው ድቅድቅ ጨለማ ነበር ብለዋል።»

«እኔ ስደርስ ግን በርቶ ነበር» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«አዎ። እንግዲህ አምፖሉ ተፈትቶ ነበር፣ ኋላ ተመለሰ። ማን ፈታው? ሬዲዮውን ሰምቶ ሰውየው የቤት ቁጥር እንዳያነብ የፈለገ ሰው። ማን መለሰው? ጣቱ ሙጫ የነካ ሰው። ሙጫው የተገኘው ከዚህ በር ነው፤ ወረቀቱን ሲልጥ። ሙጫው ሳይደርቅ አምፖሉን ነካ፣ አምፖሉ በራ፣ ሙጫውም ተጋገረ። ስለዚህ ሰውየው ለጥፎ ሲወርድ ደረጃው ጨለማ ነበር፤ መብራቱ የመጣው ከወደቀ በኋላ ነው።»

ወደ ፀጉር አስተካካዩ ዞረች።

«አንተ ምድር ቤት ጢም ስትላጭ ነበር። እርስዎ፣ እናቴ፣ ወንበር ላይ መውጣት ቀርቶ ወንበር መሸከም አይችሉም፤ ነጩ ሸሚዝም ንጹሕ ነው። ይህን አምፖል ያለ ወንበር የሚነካ ሰው በዚህ ሕንጻ አንድ ብቻ ነው። ያው ሰው ሬዲዮው ሁሉን ዋጠው ብሎኛል፤ ከእሱ በር ሁለት እርምጃ የሚርቁት ሴት ግን የወረቀት መላጥ እንኳ ሰምተዋል።»

መምህሩ ግድግዳውን ተደገፉ።

«እንዲወድቅ አልፈለግሁም» አሉ።

«አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

«ሲለጠፍ ያየ ሰው ከሌለ፣ ወረቀቱም ከሌለ፣ ቀኑ አይቆጠርብንም ብዬ ነው። አንድ ወር እንኳ ብናተርፍ። ሲወድቅ ሰማሁ። ወጥቼ ‹አንተ ሰው› አልኩት፤ አልመለሰልኝም። የሞተ መሰለኝ። ወረቀቱን ላጥኩ፣ አምፖሉን መለስኩና ገባሁ። ወርጄ አልነካሁትም።» ወደ ደረጃው ግርጌ አዩ። «ሞቶ ነበር አይደል?»

መርማሪዋ ደብተሩን ዘጋች።

«ሐኪሙ ሩብ ሰዓት ያህል በሕይወት ቆይቷል ይላል።»

ሽማግሌው ተንሸራተው መሬት ላይ ተቀመጡ። ያ ሁሉ ቁመት የት እንደገባ እንጃ። ፀጉር አስተካካዩ ብብታቸውን ሊይዝ ጎንበስ አለ፣ በእጃቸው ከለከሉት።

«ወረቀቱ የት ነው?» አለች።

«መጽሐፉ ውስጥ። አላነበብኩትም። ስሮጥ መነጽሬን ጠረጴዛ ላይ ትቼ ወጣሁ። ኋላ ደግሞ… ምን ያደርግልኛል? የሚለውን የማውቀው መሰለኝ።»

ወረቀቱ መጣ። በችኮላ ታጥፎ ሙጫው ራሱን ከራሱ ጋር አጣብቆታል። መርማሪዋ ለፀጉር አስተካካዩ ዘረጋችለት። እሱም እንደ ሕፃን ፀጉር በስሱ ረጨው፣ ጠበቀ፣ ደግሞ ረጨው፤ ከዚያ በጥፍሩ ጫፍ ቀስ እያለ ከፈተው። መነጽሩ ለመምህሩ ተሰጣቸው። በትምህርት ቤት ድምፃቸው አነበቡ።

«… ይግባኙ ያስቀርባል ተብሏል። ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ የሕንጻው ነዋሪዎች ከቤታቸው እንዳይለቁ ታግዷል። ቀዳሚዋ ይግባኝ ባይ ነገ ጠዋት በሦስት ሰዓት በችሎት እንዲቀርቡ፤ ባይቀርቡ እግዱ ይነሳል።»

«ደህና ወረቀት ነው ብሎኝ ነበር» አሉ ልብስ ሰፊዋ። «ነግሮኝ ነበር እኮ።»

ፀጉር አስተካካዩ መርጫውን መሬት ላይ አስቀመጠና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። በዚህ ሕንጻ ውስጥ በእሳቸው ልክ ያነበበ ሰው የለም።

«እኔ ከናንተ ጋር መሄዴ ነው» አሉ መርማሪዋን። «ነገ ማን ይቆምላቸዋል? ቃሉን የማውቀው እኔ ነኝ።»

መርማሪዋ የተማረችው ሕግ ለዚህ ጥያቄ ገጽ የለውም።

«እኔ እቆማለሁ» አሉ ልብስ ሰፊዋ። «ስሙ የኔ አይደል? ባላነብም ሠላሳ አንድ ዓመት የት እንደኖርኩ አውቃለሁ። ሱቅህን ዘግተህ ታደርሰኛለህ፣ አንተ።»

«ተሸክሜም ቢሆን፣ እትዬ» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ ፊቱን ሳያዞር።

ወጣቱ ፖሊስ መምህሩን ደግፎ አስነሳ። ሰውየው በወደቀበት ደረጃ ሲያልፉ ሽማግሌው ቆሙ፣ ጎንበስ ብለው ሲሚንቶውን በመዳፋቸው ነኩ፣ ከዚያ ወረዱ።

ልብስ ሰፊዋ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ እጃቸውን ዘረጉ።

«ያንን ደብተሩን አምጪልኝ፣ ልጄ።»

«ምን ሊያደርጉት?»

«ወረቀት ሲሰጥ ይፈረምለት የለ? ሰባት ጊዜ መጥቶ ከዚህ ቤት አንድ ፊርማ አላገኘም።»

ደብተሩ ማስረጃ ነው፤ በእሱ ላይ መጻፍ አይፈቀድም። መርማሪዋ ይህን አሳምራ ታውቃለች። ከጠማማዋ መስመር ሥር፣ በሟቹ አጻጻፍ ልክ፣ ቀጥ አድርጋ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፈች፤ «ቁጥር 9፤ በሩ ተከፍቷል፣ በእጅ ደረሰ» ብላ ጨመረች፤ ስሟንም ለምስክርነት አኖረች። ለጣት አሻራ የያዘችውን የቀለም ሳጥን ከፈተችላቸው።

ሴትየዋ አውራ ጣታቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ፣ ቀለም አስነኩና ደብተሩ ላይ ተጫኑት። ሰውየው ከዚያኛው በኩል የሚጠብቃቸው ይመስል ጣታቸውን ለረጅም ጊዜ አላነሱም።