ሸፊቃ ግራ የገባት ቀን

ፈጠራ ነው የምትሉ ትኖራላችሁ። በሉ፤ አልከራከርም።

እኔ ግን እዚያው ነበርኩ። ድሬዳዋ፣ ባለፈው ግንቦት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ።

ድሬን የሚያውቅ ያንን ሰዓት ያውቀዋል። ሱቁ ይዘጋል፣ ባጃጁ ጥላ ፈልጎ ይቆማል፣ ሰው ወይ ይተኛል ወይ ይቅማል። የዚህ ቻናል ሰዎች ሁሌ ጨለማ ነው የምትፈሩት። እኔን ያገኘኝ በጠራራ ፀሐይ ነው። ፈርቼ ነበር ወይ ብትሉኝ አላውቅም... ከዚያ ወዲህ ውስጤ ደንዝዟል።

ሳሌም እባላለሁ። ኬሚስት ነኝ። የምሠራው ስሙን በማልጠራው ትንሽ ላቦራቶሪ ውስጥ ነበር፤ ከሸፊቃ ጋር፣ ሁለታችን ብቻ። ዩኒቨርሲቲ አብረን ነው የተማርነው። እሷ ከወሊድ ፈቃድ ከተመለሰች ብዙም አልቆየችም። ሳቢያን ሰፈር ባለው ቤቷ ውስጥ አኒስ የሚባል ጡት የሚጠባ ልጅ አላት።

አዲስ ማደንዘዣ ነበር የምንሞክረው። ስቴሮይድ ነው፤ ጫፉ ላይ ናይትሮጅን ያለበት ቀለበት እንገጥምለታለን።

በቀላሉ ልንገራችሁ። እንዲህ ያለ ሞለኪውል ቀኝና ግራ አለው። ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፤ ግን የቀኝ እጅ ጓንት ለግራ እጅ አይሆንም። ሰውነታችን የሚቀበለው አንደኛውን ብቻ ነው። የእኛ ሥራ እያንዳንዱ ነገር በትክክለኛው ጎኑ እንዲቀመጥ ማድረግ ነበር። አሰልቺ ሥራ ነው፤ እኔ ግን እወደው ነበር።

የዚያን ቀን ዱቄቱ ደርቆ ወጣ። ነጭ፣ ንጹሕ። ሸፊቃ ከላዩ ቆንጥራ አሟሟችና ብርሃን የሚያልፍበት መለኪያ ውስጥ ከተተችው። የእኛ ዱቄት ሁልጊዜ ብርሃኑን ወደ ቀኝ ነው የሚያዞረው።

ወደ ግራ አዞረው።

"ድገሚው" አልኳት።

ደገመችው።

ቁጥሩ ያው ነው... ጎኑ ብቻ ተገልብጧል።

ይህ አይሆንም። ይከብዳል ማለቴ አይደለም፤ ጭራሽ አይሆንም። ስቴሮይዱን የምናገኘው ከተክል ነው፤ ተክል ደግሞ አንዱን ጎን ብቻ ነው የሚሠራው። ከዚያ ተነስቶ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሊዞር አይችልም። ሸፊቃም ይህን ከእኔ እኩል ታውቃለች።

መብራት ሄደ። ፋኑ ቆመ።

ሸፊቃ ላቧን በክንዷ ልትጠርግ ስትዞር ብልቃጡን ገፋችው። ዱቄቱ ፊቷ ላይ ቦነነ። የተረፈውን እኔ ከደንኩት። እሷ ሮጣ ታጠበች።

ስትመለስ በሩን አልፋ ግድግዳውን ገጨችው። ዓይኗን ጨፈነች... ገለጠች።

"ሳሊ..."

"ምነው?"

"ግራ ገባኝ አቦ።"

"እኔስ ብትይ" ብዬ ሳቅኩ።

የምሯን እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው።

በማግስቱ ሻይ ቀዳሁላት። ከቀፊራ ገበያ በገዛሁት ናና የፈላ ሻይ ነው። በግራ እጇ ተቀበለችኝ። ሸፊቃ ከሰው በግራ እጇ የምትቀበል ሴት አልነበረችም፤ እኔ እንኳ ስረሳ "በቀኝሽ" እያለች የምትቆጣኝ እሷ ናት።

አሸተተችው።

"እንስላል ማን ጨመረበት?"

"ናና ብቻ ነው።"

"ወላሂ እንስላል ነው።"

ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ። ተማሪ ሳለን የሰማነው ነገር ትዝ አለኝ... የናና ሽታና የእንስላል ሽታ አንድ ሞለኪውል ነው። አንዱ ቀኝ፣ ሌላው ግራ።

ቀና ብዬ አየኋት። ከአፏ አጠገብ ትንሽ ጥቁር ምልክት አለቻት፤ "ማርያም ስማሻለች" እያልኩ የምቀልድባት።

ምልክቷ በሌላኛው ጉንጯ ላይ ነበረች።

መጮህ ነበረብኝ። ተነሥቼ ብርጭቆዎቹን አጠብኩ።

ከዚያ ቀን በኋላ ሸፊቃ ሥራ መግባት አቆመች። በሰኔ መጨረሻ ባሏ አብዲራሺድ ደወለልኝና ቤታቸው ሄድኩ። ባቡር ላይ የሚሠራ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚስቅ ሰው ነው። ያን ቀን ግን በር ላይ ተቀብሎኝ አንሾካሾከ።

"ትበላለች እህቴ። ያለ ማቋረጥ ትበላለች። ጠብ የሚልላት ነገር የለም።"

"ሐኪም ምን አለ?"

"ምንም አላገኘም። በግራዋ ነው የምትበላው... አባቷ ፊት እንኳ። አፈርኩ።"

"አኒስስ?"

መጋረጃውን ገልጦ አስገባኝ።

ልጁን ሳየው ገባኝ። ይጠባል፣ ይጠባል... ከዚያ ያለቅሳል። ጤና ጣቢያ በመዘኑት ቁጥር ክብደቱ ይወርዳል። ጡጦ ሲሰጡት ይተፋዋል። የእግሩ ቆዳ ተሸብሽቧል። አራስ ሳለ ታቅፌው ነበርና ምን ያህል እንደቀለለ ክንዴ አወቀው።

ሸፊቃ ባሏን ሱቅ ላከችው።

"በሩን ዝጊው።"

ዘጋሁት።

"እጅሽን አምጪ።"

ደረቷ ላይ በግራ በኩል አስቀመጠችው። ምንም የለም።

"አሁን እዚህ።"

በቀኝ በኩል... ልቧ ይመታል።

እጄን አላነሳሁም። ደንግጬ መሆን ነበረበት፤ ግን ልክ ጥርስ ሲነቀል መርፌ የተወጉት ድድ ሆኜ ነበር። እንደሚያም አውቃለሁ፣ አይሰማኝም።

"ምግቡ ለእኔ አይሆንም" አለች በሹክሹክታ። "ለሌላ እጅ የተሠራ ነው። ወተቴ ደግሞ ለእሱ አይሆንም።"

"ጡት አስጥይው።"

"ሌላ ምንም አይቀበልም። እየሞተብኝ ነው፣ ሳሊ።"

ልጁ አለቀሰ። ድምፁ ከጎረቤት የሚመጣ ይመስል ነበር።

"ከዱቄቱ የቀረ አለ?"

"ፍሪጅ ውስጥ ነው። ነገ አስወግደዋለሁ።"

"ጥሩ" አለች። አኒስን ብብቷ ሥር አስገብታ ግንባሩን ስታሸት ቆየች።

በማግስቱ ላቦራቶሪ ስገባ ብልቃጡ ቦታው ላይ ነበር። ክዳኑም እንደተከደነ ነው።

ውስጡ ታጥቧል።

ቁልፍ ያለን እኔና እሷ ብቻ ነን።

ለአብዲራሺድ ደወልኩ። ገና ስሜን ሳልናገር አቋረጠኝ።

"አልሐምዱሊላህ እህቴ! ዛሬ ጠብቶ ጠግቦ ተኛ። ከስንት ጊዜ በኋላ!"

ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ሰውዬው ስልኩ ላይ እያለቀሰ ነበር። "እንኳን ደስ አላችሁ" ብዬ ዘጋሁት።

ነሐሴ ላይ ቤታቸው ሄድኩ። ያው ስምንት ሰዓት፤ መንገዱ ላይ ሰው የለም። አብዲራሺድ ሥራ ላይ ነው። ሸፊቃ ፍራሽ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። ሻሿ ሰፍቷታል፣ ቀለበቷ ከጣቷ ወጥቶ አንገቷ ላይ በክር ታስሯል። እቅፏ ውስጥ ያለው አኒስ ግን... ጉንጩ ሞልቷል፣ ክንዱ እጥፋት እጥፋት ሠርቷል። ያንጸባርቃል።

"አየሽው?"

"አየሁት።"

"ማሻአላህ በይ።"

"ማሻአላህ።"

አዳመጠችኝና ፈገግ አለች። ለመተንፈስ ትንሽ ቆመች።

"አሁን እሱም እንደ እኔ ተገልብጧል። ለእሱ የሚሆነው የእኔ ወተት ብቻ ነው። ለእኔ የሚሆን ግን... የትም የለም። ቀፊራን በሙሉ ብበላው ያው ነው።"

"ሸፊቃ..."

"እኔስ እሺ። እኔ ካለቅኩ ማን ያጠባዋል?"

አዘንኩላት ማለት እፈልጋለሁ፤ የማውቃትና የምወዳት ሰው ፊቴ እያለቀች ነው። እኔ ግን የልጁን ክንድ አየሁ።

አንድ ነገር እወቁልኝ። ያንን ዱቄት አንድም ቀን አልነካሁም። የዚያን ቀንም እዚያ ቤት ውኃ እንኳ አልቀመስኩም።

አኒስ ጡቷን ለቀቀ። ቀስ ብሎ ዞረ... እኔን አየኝ። አላለቀሰም። አፉን ከፈተና ጠበቀ።

ደረቴ ላይ ሙቀት ተሰማኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ የተሰማኝ የመጀመሪያው ነገር ነው። ቁልቁል ሳይ ቀሚሴ በሁለቱም በኩል ረጥቧል። እርጥበቱ እየሰፋ፣ እየወረደ...

ወተት ነው።

እኔ ወልጄ አላውቅም።

ሸፊቃ ምንም አልጠየቀችኝም። ልጇን በሁለት ቀጫጭን እጆቿ አንስታ ወደ እኔ ዘረጋችው።

ተቀበልኩት። ከባድ ነበር።