አንገቱ የለሰለሰ ብሎን

ሾፌሩ መሪውን እንደጨበጠ ነው የሞተው።

የጭነት መኪናው ቁልቁለቱ ላይ ከመንገድ ወጥቶ ከድልድዩ ግንብ ጋር ተላትሟል። የግራ የፊት ጎማው ወደ ጎን ተጣጥፏል። መርማሪዋ በጀርባዋ ተኝታ ከመኪናው ሥር ገባች። ጎማውን የሚይዘው ክንድ መኪናውን ከሚሸከመው ብረት፣ ከሻንሲው፣ ተላቅቋል፤ ሁለቱን የሚያያይዘው ወፍራም ብሎን ለሁለት ተበጥሷል።

የብሎኑ ራስ ላይ 10.9 የሚል ቁጥር አለ። ጠንካራ ነኝ ማለቱ ነው። ታዲያ ጠንካራ ከሆነ ምን በጠሰው?

ጥርጣሬው ወዲያው መለዋወጫ ሻጩ ሽማግሌ ላይ አረፈ። ገበያውን የሐሰት ቁጥር የታተመበት ለስላሳ ብረት ሞልቶታል፤ ብሎኑን ለሟቹ የሸጡለት ደግሞ እሳቸው ናቸው። ሲያዙ አንድም ቃል አልተከራከሩም።

«ሳላውቅ አታለውኝ ይሆናል» አሉ እያለቀሱ። «የሰው ልጅ አስገደልኩ! ምነው ያን ቀን እጄን በሰበረው!»

እንዲህ የሚል ተጠርጣሪ ለፖሊስ ሲሳይ ነው። አለቃዋም «በቃ አመኑ እኮ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» አላት። እሷ ግን ነገር ካልጣማት ምግብም አይጥማት።

ከሽማግሌው ሱቅ፣ ከዚያው ካርቶን፣ አዲስ ብሎን አስመጣች። ሞርሳ ላይ አስራ በሞረድ ሞከረችው። ሞረዱ ተንሸራተተ፤ ብረቱን በጭንቅ ጫረው። የተበጠሰውን ከጫፉ በኩል ሞከረች፤ እሱም እምቢ አለ። ከራሱ ሥር፣ አንገቱ ላይ ስትደርስ ግን ሞረዱ ብረቱን እንደ ሳሙና ላጠው።

ሐሰተኛ ብሎን ሁለመናው ለስላሳ ነው። ይሄ ጫፉ ጠንካራ፣ አንገቱ ለስላሳ። ጠንካራ ብረትን የሚያለሰልስ እሳት አይቷል ማለት ነው! ራሱ ላይ የተቀባውን ጥቁር ቀለም ፋቀች። ከሥሩ ያለው ብረት እሳት እንዳገኘው ብረት ሰማያዊ ሆኗል።

ብሎኑን የገጠመው መካኒክ የሽማግሌው ሴት ልጅ ባል ነው። ሰፈሩ «ቀልጣፋው» ይለዋል። ጋራዡ ከአማቱ ሱቅ ፊት ለፊት ነው። መርማሪዋ ስትገባ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ብድግ አለ።

«ብሎኑ ሲገጠም አዲስ ነበር?»

«ሾፌሩ ከነላስቲኩ ነው ያመጣው፣ ኢንስፔክተር።»

«እሳት አሳይተኸዋል?»

«ኧረ በጭራሽ! ምናልባት ሲጋጭ ግሎ ይሆናል።»

«መኪናው አልተቃጠለም።»

«እንግዲህ እኔ ምን አውቃለሁ…»

«ካላወቅህ ጥቁር ቀለም ለምን ቀባኸው?»

ጨርቁ ከእጁ ወደቀ። እዚያው የነበረ አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አለ።

«ቀዳዳው ዝጎ ነበር» አለ። «ሳላጸዳ ቸኩዬ ጠመዘዝኩት፤ መሃል ላይ ነከሰብኝ። ወደፊትም ወደኋላም እምቢ አለ። በጋዝ እሳት አግዬ አወጣሁት። ከዚያ ያንኑ መልሼ አሰርኩት።»

«የጋለ ብሎን እንደማይታመን ጠፍቶህ ነው?»

«አልጠፋኝም።»

«አዲሱ እኮ መንገድ ተሻግሮ ነው ያለው!»

«እሱ ነዋ ችግሩ! ብሎን ባበላሸሁ ቁጥር አማቴ ‹ቀልጣፋው፣ ዛሬስ ስንት በላህ?› እያሉ በሰው ፊት ይስቁብኛል። ክፋት የላቸውም፣ ጨዋታ ነው። እኔ ግን ያን ቀን አፈርኩ። ሁለተኛ ሄጄ ከሚሳቅብኝ ብዬ…»

«ሰው ሞተ። ከዚያም ሽማግሌውን አሳስረህ ዝም አልክ።»

«በየቀኑ ምሳ የማደርስላቸው እኔ ነኝ። በልተው ሲጨርሱ ይመርቁኛል። ‹እኔ ሰው በላሁ፣ አንተ ግን ልጄን አደራ› ይሉኛል። እዚያው እናገራለሁ እያልኩ እሄዳለሁ፤ ሳህኑን ተሸክሜ እመለሳለሁ።» ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ወይኔ! ምን ዓይነት ሰው ነኝ?»

ጣቢያው ሲደርሱ ሽማግሌው ሊፈቱ ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል። ሴት ልጃቸው ክንዳቸውን ይዛለች። መርማሪዋ ቀድማ ደረሰችና «አባባ፣ ብሎንዎ ደህና ነበር። ያበላሸው እሳት ነው» አለቻቸው።

«ደህና ነበር?» አሉ። «እኔ አይደለሁማ! እሰይ፣ ተመስገን! ሰማሽ ልጄ? አባትሽ ሰው አልገደለም!» እየሳቁ እንባቸው ፈሰሰ።

ከዚያ ከመርማሪዋ ኋላ ካቴና የገባበትን የልጃቸውን ባል አዩት። ሳቃቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ደረቀ።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

ልጅቱ የአባቷን ክንድ ለቀቀች። ወደ ባሏ ግን አልሄደችም፤ መሃል ላይ ቆማ ቀረች። ሽማግሌው አንድ ጊዜ እሷን፣ አንድ ጊዜ እሱን አዩ። ቀስ ብለው ወደ መርማሪዋ ዞሩ።

«ምነው» አሉ፣ «ብሎኑ ሐሰተኛ በሆነ ኖሮ።»